ስሜንስ ጻፍከው?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ዕዳዬ ነው።

ኮሌጅ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን በሕፃናት አመጋገብ ላይ እዚሁ ፊልቱ ሠራሁ። አንዲት አርብቶ አደር እናት በግመል ወተት የተፈላ ሻይ እየቀዱልኝ፣ ወተት ሲነጥፍ ልጆቻቸው እንዴት እንደሚከሱ ግማሽ ቀን ሙሉ አስረዱኝ። ልሄድ ስነሣ፣ «ስሜንስ ጻፍከው?» አሉኝ። ቅጹ ላይ የተጻፈው «ቁጥር 14» ነበር። ዝም አልኩ። ተመረቅሁ፤ ውጤቱን ልነግራቸው ግን አልተመለስኩም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ቱፍትስ ዩኒቨርሲቲና ሴቭ ዘ ችልድረን በእኛ ሊበንና በሺኒሌ ስለ ወተትና ሕፃናት የተሠራ ጥናት አሳተሙ። ኋላም በደረቁ ወራት ለሚታለቡ እንስሳት መኖ ሲቀርብ ልጆች ወተት እንደሚያገኙና ሰውነታቸው እንደማይጎዳ ታየ። የዕውቀቱ ምንጭ እናቶቹ ናቸው፤ የ2009ኙ ጥናት ደራሲ ተብለው የተጻፉት ግን ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው።

ስምን መሸሸግ ሁልጊዜ ንቀት አይደለም፤ የታማሚን ምስጢር ይጠብቃል። ግን እንጠይቃቸው፦ «ስምዎ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ?» ባይፈልጉ እንኳ ውለታቸውን መጻፍ፣ ውጤቱንም ተመልሶ መንገር እንችላለን። ሮሜ 16ን አንብቡ። የሩፎን እናት ስማቸው አልተጻፈም፤ ለጳውሎስ እናት መሆናቸው ግን ተጽፏል።

በቅርቡ ያንን ቤት ፈልጌ ሄድኩ። ቤተሰቡ ግጦሽ ፍለጋ ርቆ ሄዷል። እናንተ ነገ ቅጽ ይዛችሁ የሰው ደጅ ስትረግጡ፣ እንደ እኔ አትዘግዩ።