ባሱንዳና የዲንደር ማያዎች

ከገዳሬፍ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ወሰን የሚጓዝ መንገደኛ ለብዙ ሰዓት የሚያየው ጥቁር የመረሬ ሜዳ ነው። በክረምት ጭቃው መኪና አላሳልፍ ይላል፤ በበጋ ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ የሰው እግር ያስገባል። ባሱንዳ በዚሁ ሜዳ ከወሰኑ አጠገብ የምትገኝ ወረዳ ናት። እኛ በዚያ ባለፍን ጊዜ ሰሊጡ ታጭዶ፥ ማሽላውም ተወቅቶ አልቆ ነበርና ከአገዳ በቀር የሚታይ አልነበረም። ጉዟችን የሱዳን ጦርነት በ2023 ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።

በመንገድ ዳር ከብቶቻቸውን ይዘው የቆሙ አንድ ሽማግሌ አግኝተን፥ «አባባ፥ መንገድዎ ወዴት ነው?» ብለን በአስተርጓሚ ጠየቅናቸው። በበትራቸው ወደ ደቡብ እያመለከቱ፥ «በአባቴ ዘመን ይህ ሁሉ የሣር ምድር ነበር፤ ዛሬ እርሻ ነው። ሣሩና ውኃው የቀረው ወዲያ ነው፤ ወዲያ ደግሞ ክልክል ነው» አሉን።

ሽማግሌው ክልክል ያሉት ሥፍራ የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ነው። በ1935 የተከለለ ሲሆን፥ ስፋቱ ወደ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በ2005 ደግሞ፥ ረግረጎችን ለመጠበቅ በ1971 በኢራን አገር በራምሳር ከተማ በተደረገው ስምምነት መሠረት፥ በዓለም አቀፍ መዝገብ ገብቷል። እንዲህ ባለ ደረቅ አገር የረግረግ መዝገብ መኖሩ አንባቢን ያስገርም ይሆናል፤ ምክንያቱ ማያ የሚባሉት ኩሬዎች ናቸው።

ማያ ማለት ወንዝ እየተጠማዘዘ ሲወርድ፥ ቀድሞ ይሄድበት የነበረውን መንገድ ትቶ ሲያልፍ የሚቀር፥ እንደ ማጭድ የጐበጠ ኩሬ ነው። በክረምት ጐርፉ በቦይ ገብቶ ይሞላዋል። በበጋ ወንዙ ራሱ ደርቆ እዚህና እዚያ ጥቂት ውኃ ብቻ ሲቀር፥ ጎሹም፥ ድኩላውም፥ አንበሳውም፥ ከሩቅ አገር የመጣው ወፍም የሚኖረው ማያው ባስቀረው ውኃና ለምለም ሣር ነው። ጐርፉ ካነሰ ወይም ቦዩ በደለል ከተደፈነ ማያው ሳይሞላ ይከርማል። ያን ጊዜ አውሬው ውኃ ፍለጋ ከክልሉ ይወጣል፥ የሰው ከብትም ውኃ ፍለጋ ወደ ክልሉ ይገባል። ሁለቱ በመንገድ ሲገናኙ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም።

ጐርፉ ግን ከሱዳን ዝናብ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ራሀድ የተባለው ወንዝ በእኛ አገር ሽንፋ፥ ዲንደርም አይማ ይባላሉ፤ ሁለቱም የሚነሡት ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ነው። ደጋው ሲራቈት አፈሩ ወርዶ የማያውን ቦይ ይደፍናል፤ ዝናቡም ሲዛባ የማያው ውኃ ይዛባል። ስለዚህ የአማራ ክልል በ2006 ከዲንደር ጋር የሚዋሰነውን 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የአልጣሽ ፓርክ መከለሉ ለሁለቱም አገሮች የሚጠቅም ሥራ ነው። በ2016 ተመራማሪዎች በአልጣሽ አንበሶች መኖራቸውን በካሜራ አረጋግጠዋል፤ አንበሳ ደግሞ የወሰን ድንጋይ አያውቅም።

ሱዳን በቀይ ባሕርም ተመሳሳይ ችግር አለባት። ከፖርት ሱዳን ፊት ለፊት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕር ገብቶ ያለው የሳንጋኔብ የኮራል ክልል በ1990 ፓርክ ሆኖ፥ በ2016 ከዱንጎናብ ሰላጤ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ዓሣ አጥማጁን በጀልባ ሄዶ መከልከል ይቻላል፤ የሞቀውን የባሕር ውኃ ግን ማን ይከለክለዋል? ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍና ሲቈይ፥ ኮራሉ በውስጡ እየኖሩ የሚመግቡትን እጅግ ጥቃቅን ዕፅዋት ይተፋል፤ ነጥቶም ሊሞት ይችላል።

በዚህ ረገድ ዲንደር ይሻላል እንላለን፤ የተደፈነ ቦይ በሰው ጉልበት ይጠረጋልና። ነገር ግን በእርሻዎቹ መካከል ለከብት መተላለፊያና ውኃ ካልተተወ፥ የዘበኞቹን ቍጥር ማብዛት ብቻውን የሚፈይድ አይመስለንም። የተጠማን ከብት ዘበኛ አይመልሰውም።

ከመለያየታችን በፊት ሽማግሌው ከየት እንደ መጣን ጠየቁ። በነገርናቸው ጊዜ፥ «ዘንድሮ በእናንተ ደጋ ዝናቡ እንዴት ነበር?» አሉ። ደኅና እንደ ነበረ ነገርናቸው። «እንግዲያስ ውኃ ይኖራል» ብለው ከብቶቻቸውን ወደ ደቡብ ነዱ።