የረጠበ ክብሪት

ጳጉሜ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው መንዝ፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። ማለዳ ከባናዬ ውስጥ ያስወጣኝ የእሷ ድምፅ ነው፦ «አንተ ልጅ፣ እነ እትዬ ዘንድ ብቅ በልና እሳት ጭረህ ና!»

ማታ የዳፈነችው ፍም ጠፍቷል። የጣራው ሣር በበረዶ ተበልቶ ኖሮ፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ልክ ምድጃው አናት ላይ ያፈስሳል። ቅዳሜ ገበያ የገዛሁት ክብሪት ደግሞ አንድ ፓኬት፣ አስሩም ፍሬ እርጥብ። በጫርኩት ቁጥር ራሱ እየተላጠ እንጨቱ ብቻ ጣቴ ላይ ይቀራል። ባለሱቁ ፓኬቱን ከመደቡ ሥር ሲያወጣው አይቻለሁ፤ ይህን አልረሳለትም።

በገል ፍም ይዤ፣ በኩበት ከልዬ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ስመለስ አንድ ነገር ገረመኝ። እሳት ከጎረቤት ይጫራል፤ ክብሪትም ይጫራል። ግሱ የራሳችን ነው፤ ስሙስ? ከዐረብ የመጣ ነው ሲባል የሆነ ጊዜ የሰማሁ ይመስለኛል።

ይህን ጮክ ብዬ መናገሬ ስህተት ነበር። አጎቴ መሪጌታ ጥግ ተቀምጠው ቡና ይጠብቃሉ። «ከክብር ነው እንጂ!» አሉ። «ባለ ክብሪት ቤት ጎረቤት ደጅ አይጠናም። የተከበረ ነው፤ ክብሪት!»

እኔ ዛሬ ደጅ ስጠና ማርፈዴን ማንሳቱን ተውኩት።

አዲስ አበባ ስመለስ አጣራሁ። በዐረብኛ «ኪብሪት» መጀመሪያ ድኝ ማለት ነው፤ ክብሪትን የሚጠራበት ኋላ የመጣ ነው። በሸክላ ላይ ይጽፉ የነበሩት አካዶችም ድኝን «ኪብሪቱ» ይሉት ነበር። በዕብራይስጡ ኦሪት ሰዶምና ገሞራ ላይ የዘነበው «ጎፍሪት» የዚሁ ዘመድ ነው፤ የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ዲን» ይለዋል። ዛሬ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ከሱቅ የሚገዙት «ጋፍሩር»ም ከዚያው ቃል የተበጀ ነው። ትግርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ «ክርቢት» ይላሉ፤ ክብሩ የት ገባ ታዲያ?

ተጭሮ የሚነድደውን ክብሪት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1827 መሸጥ የጀመረው ጆን ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው። ከዚያ በፊትም ጫፉ ድኝ የተነከረ ስንጥር ነበር፤ ግን ፍም ካልነካ አይቀጣጠልም። ያው ጎረቤት መሄድ አይቀርም ማለት ነው። ዎከር ለሥራው የባለቤትነት መብት ስላላወጣ ሌሎች ወዲያው ቀዱት፤ ከነዚህም አንዱ፣ የለንደኑ ሳሙኤል ጆንስ፣ «ሉሲፈር» ብሎ ሸጠው። ሆላንዶች እስከ ዛሬ ክብሪትን ሉሲፈር ይሉታል።

ይህን ለመሪጌታ በስልክ ነገርኳቸው፤ መናገርም አልነበረብኝም። «አየህ! እነሱ በሳጥናኤል ጠሩት፤ እኛ በክብር!»

ተናደድኩና ከሚገባው በላይ ቆፈርኩ። ሉሲፈር በላቲን ብርሃን አምጪ ማለት ነው፤ የአጥቢያ ኮከብ ስም ነው። የጥንት ግሪኮች ያንኑ ኮከብ «ፎስፎሮስ» ይሉት ነበር። ፎስፈረስ ደግሞ ዛሬ የክብሪቱ ቤት ጎን ላይ፣ የምንጭርበት ቡናማ ቦታ ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ ሳጥናኤል ከተባለ መሪጌታ ኪስም ውስጥ አለ። እሳቸው ግን ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜ ማብቂያ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር «ጎህ ጽባሕ» ስለሚባል፣ በጎህ ሰሞን ስለ አጥቢያ ኮከብ መስማቴ ምልክት ነው ብለው ዘጉት። በዚያ ጎህ በተባለ ሳምንት መንዝ ላይ ፀሐይ ያየ ሰው ይንገረኝ።

የእኔ ፍርድ፦ ክብሪት ማለት ድኝ ነው። መሪጌታ በጨዋታ ይበልጡኛል፤ በቃሉ ግን ተሸንፈዋል።

የመላጡን ነገርም አጣራሁ። ራሱን ከእንጨቱ ጋር የሚይዘው ሙጫ እርጥበት ሲጠጣ ይለሰልሳል። ነሐሴን ገጠር የምታሳልፉ፣ ክብሪታችሁን በፌስታል ቋጥራችሁ ከምድጃው ጭስ በላይ ስቀሉት። አንተም ባለሱቅ፣ ይህን ካነበብህ፣ አስር ፍሬ አለብህ።