ለልጄ፣ ሒሳብ ልታስተምሪ ስትሄጂ



በቃል ብነግርሽ በመንገዱ ግርግር ይረሳሻል ብዬ ጻፍኩልሽ። ሒሳብ ልታስተምሪ ነውና የምትሄጂው፣ የአንዲትን የሒሳብ ሊቅ ታሪክ ይዘሽ ሂጂ።

ማሪያ ጋኤታና አኜዚ እ.ኤ.አ. በ1718 ሚላኖ ውስጥ ተወለደች። ቤተሰቧ በሐር ንግድ የበለጸገ ነበር። አባቷ ፒዬትሮ ሊቃውንትን ወደ ቤቱ እየጠራ፣ ልጁ በላቲን ስትከራከር ያሰማቸው ነበር። እርሷ ግን በሰው ፊት መታየቱን አልወደደችውም። ገዳም ልግባ ብላ ብትለምነው እምቢ አላት፤ ቤት ለመቅረት የተስማማችውም በቀላል ልብስ እንድትኖርና ከጭፈራና ከቲያትር እንድትቀር ሲፈቅድላት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሒሳብን አጥብቃ ያዘች። ራሚሮ ራምፒኔሊ የተባለ መነኩሴ አስተማራት።

ያን ጊዜ ካልኩለስ ገና አዲስ ዕውቀት ነበር። ኒውተንና ላይብኒዝ፣ ከእነርሱም በኋላ የተነሡት የጻፉት በየመጽሐፉና በየመጽሔቱ ተበታትኗል፤ ምልክቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ጀማሪ ከየት ይነሣ? አኜዚ ያንን ሁሉ ሰብስባ፣ ከአልጀብራ ተነሥታ በዲፈረንሺያልና በኢንቴግራል ካልኩለስ አልፋ እስከ ዲፈረንሺያል እኩልታ ድረስ በተርታ አስቀመጠችው። መጽሐፏ በ1748 በሁለት ጥራዝ ታተመ፤ ከ1000 ገጽ ይበልጣል። የጻፈችው ለጣልያን ወጣቶች በመሆኑ ሊቃውንቱ በሚኮሩበት በላቲን ሳይሆን በጣልያንኛ ነው። ኅትመቱንም ራሷ ተከታተለች፤ በቀመር ውስጥ አንዲት ምልክት ብትሳት ተማሪው መንገድ ይስታልና።

ልጄ፣ የምለምንሽ ይህንን ትጋት ነው። አንቺ የምታውቂውን ተማሪሽ ያውቀዋል ብለሽ አትዝለዪ። አልገባኝም ሲልሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ያንኑ አትድገሚለት፤ የትኛው እርምጃ ላይ እንደቀረ ፈልጊና ከዚያ አንሺው። ምሳሌውን ማታ ሠርተሽ እደሪ። በሚያስብበት ቋንቋ አስረጂው።

ለአኜዚ ምስጋናው ከየአቅጣጫው መጣላት። አኜዚ መጽሐፏን ያበረከተችላት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬሳ የአልማዝ ቀለበት ላከችላት፤ በ1750 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሾሟት። በእንግሊዝ የካምብሪጁ ፕሮፌሰር ጆን ኮልሰን መጽሐፉን ለመተርጎም ሲል በስተርጅና ጣልያንኛ ተማረ፤ ትርጉሙም እርሱ ከሞተ በኋላ በ1801 ታተመ።

አኜዚ ለማስተማር ቦሎኛ አልሄደችም። አባቷ በ1752 ሲሞት ሒሳቡን ተወችና ድሆችን ማስታመም ያዘች፤ እቴጌዪቱ የሰጠቻትንም ሸጣ ለእነርሱ አዋለች። ከ1771 ጀምሮ በሚላኖ የአረጋውያንና የሕሙማን መጠለያ የሴቶቹ ክፍል ኃላፊ ሆና አገልግላ በ1799 ዐረፈች።

ሹመት ቢመጣልሽ እምቢ በዪ ማለቴ አይደለም። ሴት ልጅ በሒሳብ ወንበር ላይ መቀመጧ ያስደስተኛል፤ ብትሾሚም እልል እላለሁ። ብቻ የሚያጨበጭብልሽ ባይኖርም ማስተማሩን በሙሉ ልብሽ ያዢው።

እንደደረስሽ ጻፊልኝ። ልጆቹ የቱ ምዕራፍ እንደሚከብዳቸውም ንገሪኝ፤ አብረን እናስብበታለን። እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ።

እናትሽ