መሪው ባዶ ሲሆን

ፍሬን እንቢ ያለበት ሾፌር የሚይዘው ነገር ፈጽሞ አያጣም። ማርሽ አለው፣ የእጅ ፍሬን አለው፣ ከባሰበትም የመኪናውን ጎን ተራራ ላይ እያሻሸ ያቆመዋል። ሞተር ሲጠፋ ጉዞ ቀረ ማለት ነው እንጂ ነፍስ አይጠፋም። ጎማ ቢፈነዳ እንኳ እጅ የሚታገለው ነገር ይኖራል። መሪ ሲከዳ ግን ነገሩ ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሰውየው የጨበጠው ክብ ነገር በእጁ ውስጥ እንደ ልጆች መጫወቻ ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ ጎማዎቹ ግን አይሰሙትም። መኪናው ይሄዳል፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚያዘው ግን መንገዱ ነው።

የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን አገር የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ለማያውቀው ግን ጥቂት ልበል። ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የጉናን ተራራ በጎኑ እያየ ይጓዛል፤ ነፋስ መውጫ ሲደርስም የከተማዋ ስም ከየት እንደመጣ ጆሮው ይነግረዋል። ያ ዋናው መንገድ ከወረታ እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ስለሠሩት ሰዉ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ዛሬ አስፋልት ለብሷል። ጭንቁ ያለው ከዚያ ተገንጥለው ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ በሚወርዱት ላይ ነው። ስማዳ በአንድ ወገን ከበሽሎ፣ በሌላው ከዓባይ ጋር የሚዋሰን አገር ነው። ሁለቱ ወንዞች ያን ያህል ጠልቀው ሲወርዱ መሬቱም አብሯቸው ይወርዳል፤ መንገዱም ሌላ ምርጫ ስለሌለው መሬቱን ይከተላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነስተው ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል የፈጀባቸው በዚሁ በጋይንት በኩል፣ የጨጨሆን ገደል ተሻግረው ነበር። መንገድ እየጠረጉ ስለነበር ነው የዘገዩት። እኔ ግን ያን ቁልቁለት ባየሁ ቁጥር፣ ያን ብረት የተሸከመው ጋሪ ወደ ታች ሲንደረደር ከፊቱ የነበሩት ሰዎች ይታዩኛል።

ወደ እኛ ነገር ልመለስ። በ2003 ዓ.ም. በጋ ላይ አክስቴን ከደብረ ታቦር ወደ ስማዳ እየመለስናት ነበር። ትራኮማ የደቡብ ጎንደርን ሰው እንዴት እንደሚጎዳ የሚታወቅ ነው። እሷም የዐይኗ ሽፋን ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ሲፍቃት ዓመታት ከቆየ በኋላ ገና ተሠርታ መውጣቷ ነበር። በመኪናዋ ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበርን፤ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው። መኪናዋ በተለምዶ ፎር ዊል የምንላት፣ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በሐራጅ ተገዝታ የቤተሰቡ የሆነች፣ እድሜዋ ከሾፌሩ እድሜ ብዙም የማያንስ አሮጌ መኪና ነበረች። የሠሪዋን ስም አልጠራም፤ በተፈጠረው ነገር እሱ እጁ የለበትምና።

ሾፌሩ የእስቴ ልጅ ነው። የጉዞ ዱዓውን ሳያደርግ ቁልፍ አይነካም፤ ዱዓውን አድርጎ ደግሞ መኪናዋን ዞሮ ሳያይ አይገባም። ነገር ግን ከሳምንት በፊት እሱ በሌለበት መኪናዋ አንድ ጋራዥ ገብታ የመሪዋ መጋጠሚያ ተቀይሮ ነበር። አዲሱ ዕቃ በቅባት ተለቅልቆ ስለነበር ከላይ ለሚያየው ሰው ያማረ ሥራ ይመስላል።

ዙህርንና አስርን ጀምዕ አድርገን ሰግደን ቁልቁለቱን ጀመርን። ዐሥር ሰዓት አልሞላም። ማርሹ ሁለተኛ ላይ ነበር፤ ፍጥነታችንም ከፈረስ ግልቢያ አይበልጥም። አንዲት ድንጋይ ላይ ዘለልን፣ እንደ ሌላው ዝላይ ሁሉ። ከዚያ የሾፌሩ እጅ በመሪው ላይ ግማሽ ዙር ሲዞር አየሁት፤ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። «ያ ረብ» አለ፣ በቀስታ። ከኋላ የተቀመጡት አልሰሙትም።

እግሩን ከነዳጁ አነሳ። ፍሬኑን ግን እኔ እንደጠበቅሁት አልደበደበውም፤ ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ አደረገው። በሌላው እጁ ጥሩምባውን ያዘ፤ ከፊት ለፊታችን ባዶ ጆንያ የጫኑ አህዮችና ሁለት ሰዎች ይወጡ ነበርና። ሰዎቹ አህዮቻቸውን ወደ ጠርዙ ገፏቸው። መኪናዋ በመንገዱ ዘመምታ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ሄደች። በቀኝ በኩል የነበረው ተራራው ነው። በመጨረሻ የእጅ ፍሬኑን ሳበው፣ የፊት ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገባ፣ ጎኗ አፈር ነክቶ ዘንበል ብላ ቆመች። አክስቴ አቧራ እንዳይገባባት በነጠላዋ ተሸፋፍና ስለነበር ምንም አላየችም። «ደረስን እንዴ?» አለች።

ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደፊት መንገዱ ይታጠፋል። ሄጄ አየሁት። ከመታጠፊያው በኋላ ተራራው ወደ ግራ ይዞራል፤ በቀኝ በኩል ያለው አየር ብቻ ነው። ከታች የአንድ መንደር ቤቶች እንደ ክብሪት ቤት ይታያሉ። ተመልሼ ስመጣ ለማንም አልተናገርኩም።

ሾፌሩ ከሥር ገብቶ ሲወጣ ነገሩን አወቅን። ከመሪው ሳጥን ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ጫፉ ላይ ኳስ መሰል መጋጠሚያ አለው። የመጋጠሚያው እግር እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ በጎማው ክንድ ቀዳዳ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ይገባል፣ ከዚያ አናቱ እንደ ዘውድ በተሰነጣጠቀ ዳዶ ይታሰራል፣ በዳዶው ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ቀጭን መቆለፊያ ሽቦ አልፎ ሁለት ጫፉ ይታጠፋል። ሽቦዋ የምትገባበት ቀዳዳ ንጹሕ ነበር። ሽቦ ገብቶበት አያውቅም። ዳዶው ተፈታትቶ ወድቋል፣ እግሩም ከቀዳዳው ወርዶ ዘንጉ ተንጠልጥሏል።

ልጆቹ ዳዶውን ለመፈለግ ወደ ኋላ ሊሮጡ ሲሉ ሾፌሩ ከለከላቸው። «የወደቀው እዚህ አይደለም» አለ። ያ ጥብቅ ብሎ የገባ እግር ዳዶው ከወደቀ በኋላም በራሱ ንክሻ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ዳዶው ምናልባት ጋይንት ላይ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት ወድቋል። ያን ሁሉ ዳገትና መታጠፊያ ሻይ እየጠጣን፣ ልጆቹን እያጫወትን ያለፍነው በአንድ ብረት ንክሻ ብቻ ነበር። ከሁሉም በላይ የከበደኝ ይህን መስማቴ ነው።

እዚህ ላይ በሾፌሩና በአጎቴ መካከል ክርክር ተነሳ። አጎቴ ሐጂ ናቸው፣ ቃላቸው በቤተሰቡ ዘንድ አይታለፍም። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ብርዱ እየመጣ ነው፣ በሽተኛ ይዘናል፤ «ልጄ፣ በሽቦ ጠፍረውና ቀስ እያልን እንውረድ» አሉ። ሾፌሩ እጁን በአፈር እያሻሸ ቆየና፣ «ሐጂ፣ በሜዳ ቢሆን እታዘዝዎት ነበር። ባዶዋን፣ በእግር እርምጃ፣ አምስት መቶ ሜትር እነዳታለሁ። ሰው ጭኜ በዚህ ቁልቁለት አልነዳም። ቢቆጡኝም አልነዳም» አላቸው። እሳቸው ተቆጡ። እሱ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ትልቅ ሰው ፊት እንዲህ መናገር በአገራችን ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ያውቃል፤ እኔ ግን ያን ቀን ሰባት ነፍስ ያተረፈው የፍሬኑ አረጋገጥ ብቻ ሳይሆን ይህ እንቢታም ነው ብዬ አምናለሁ። ሽቦ እውነት ነው ይይዛል። በትልቅ ድንጋይ ላይ መያዙን ግን ማንም አይዋስም።

አንድ አይሱዙ ወደ ላይ ሲያልፍ ሾፌሩ ሌላውን ዳዶ ለናሙና ፈትቶ ይዞ ተሳፈረ። እኛ ቅድም አህዮቹን ይነዱ የነበሩት ሰዎች ቤት አደርን። ክርስቲያኖች ናቸው። የቤቱ እመቤት ማን መሆናችንን እንዳወቀች ሥጋውን ነገር ሳታነሳ ድንችና የገብስ ቆሎ አቀረበች፤ ለአክስቴም ከጭሱ ራቅ ያለውን መደብ ለቀቀችላት። መግሪብና ዒሻን የሰገድነው በዚያው በጎተራው ጥግ ነው።

ሾፌሩ በማግስቱ ረፋዱ ላይ አንድ ዳዶና ሦስት መቆለፊያ ሽቦ ይዞ መጣ። ሁለቱ ለመጠባበቂያ ናቸው። ሲያስገባ አጎቴ ከጎኑ ቁጢጥ ብለው ያዩት ነበርና፣ «እንግዲህ ቀደር ነው ልጄ» አሉ፣ ለማስታረቅ ያህል። «ቀደሩን አልክድም ሐጂ» አለ ከሥር ሆኖ። «ያችን ሽቦ ሳያስገባ ብር የተቀበለው ሰው ግን አማናውን በልቷል።» አጎቴ ዝም አሉ፣ ከዚያ መፍቻውን አቀበሉት።

ይህ ንግግር ከእኔ ጋር ቀርቷል። በመኪና አደጋ ሰው ሲሞት ለተዕዚያ እንቀመጣለን፤ «ቀደር ነው» እንላለን፣ እውነትም ነው፣ ያዘነን ሰው ያጽናናል። በሐዘን ቤት ስለ ዳዶ የሚጠይቅ ሰው ነውረኛ ነው። ነገር ግን ከሦስቱ ቀን በኋላም የሚጠይቅ የለም። መኪናውን ማን ሠራው፣ ምን ቀየረ፣ ምን ሳያስገባ ቀረ ሳይባል ያው ጋራዥ ያንኑ ሥራ ለሚቀጥለው ቤተሰብ ይሠራል። ይህን ስል ሾፌሮችን ብቻ የሚወቅሱትንም አልደግፍም። በእኛ ነገር ከሁሉም ንጹሑ እሱ ነበር።

ያን ምሽት ያላወቅሁትንና በኋላ ከእሱ የተማርኩትን ለሚነዱ ወንድሞችና እህቶች ልጻፍ። መሪ «ከበደ» እና መሪ «ባዶ ሆነ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚያግዘው ዘይት ሲፈስ ወይም ቀበቶው ሲበጠስ መሪው ድንጋይ ይሆናል፤ ግን ይሠራል፤ በሁለት እጅ ታግሎ ዳር ማስያዝ ይቻላል። ባዶ ሲሆን ግን መታገል ዋጋ የለውም፤ ያለው ፍጥነትን መግደል ብቻ ነው። ፍሬን በኃይል ከተረገጠ ጎማው ይቆለፍና በጠጠር ላይ ወደ ዘመመበት ይንሸራተታል። የሚንከባለል የፊት ጎማ ግን በአሠራሩ ወደ ቀጥታ መመለስ ስለሚፈልግ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል። ሞተሩን ሳይቆም ማጥፋት ደግሞ ትልቅ አደጋ ነው፤ የፍሬኑ እገዛ ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ ቁልፉ ከተነቀለም መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ቁልቁለትን በዝቅተኛ ማርሽ መጀመር የሚባለው ምክር ለፍሬን ብቻ አይደለም፤ እኛን ያቆመን ያው ሁለተኛ ማርሽ ነው።

አሮጌ መኪና ከመክዳቷ በፊት ብዙ ጊዜ ትናገራለች። መሪው ጎማው ሳይነቃነቅ ብዙ የሚጫወት ከሆነ፣ በኮረኮንች ላይ የፊት ጎማዎቹ በድንገት መንቀጥቀጥ ከጀመሩ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትል ከሆነ፣ የመጋጠሚያው ጎማ ልባስ በድንጋይ ተቀዶ አቧራ ከገባበት፣ የመሪው ሳጥን ከሻንሲው ጋር የታሰረበት ቡሎን ከላላ ወይም ሻንሲው እዚያ ላይ ከተሰነጠቀ፣ መንገድ መጀመር አይገባም። ለዒድ ወይም ለሠርግ ቤተሰብ ጭነው ወደ አገር ቤት ከመውረድዎ በፊት ሞተሩን አጥፍተው፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈው፣ አንዱ ሰው መሪውን ወዲህና ወዲያ አጠር አጠር አድርጎ ይነቅንቅ፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጁ ይያዝ፤ የላላው እጁ ላይ ይቆጨዋል። ቅባቱንም በጨርቅ ጠርጎ በየዳዶው ሽቦዋ መኖሯን፣ ሁለት ጫፏም መታጠፉን ይይ። ሥራው አምስት ደቂቃ ነው፤ ከሥር የሚተኛው ግን ልብሱ መቆሸሹን የማይፈራ ይሁን።