ጥላ ውስጥ ያሉት

በአማርኛችን «ጥላ» የሚያስፈራ ቃል አይደለም። «ጥላ ከለላ» እንላለን። ወንድ ልጅ ሲወለድ «ጥላሁን» ብለን እንሰይማለን፤ መጠጊያ ሁን ማለታችን ነው። ዣንጥላም ቢሆን ጥላን በስሙ ይዞ ነው የሚዞረው። ፎቶግራፍን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ግን አብዛኞቹ ፀሐይ ከምትናፈቅበት አገር የመጡ ናቸውና ብርሃኑን ያሞግሳሉ፤ ጥላን የሚፈልጉት ብርሃኑን ለማድመቅ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ካሜራ ይዞ ለሚዞር እንደ እኔ ላለ አማተር ይህ ትምህርት አይበቃውም። ለምን ቢሉ፥ በሐይቅ ሰዉ ያለው ጥላው ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟን የሰጣት ውኃ በስተ ምሥራቋ ነው። ጧት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከዚያ ወገን ብቅ ስትል የአንድ መንገደኛ ጥላ የቁመቱን አምስት እጥፍ ያህል ረዝሞ አስፋልቱን ያቋርጣል። ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚወዳት ሰዓት ይህቺ ናት። ረፋዱ ሲገፋ ግን ጥላው እያጠረ፥ እየተሰበሰበ እግር ሥር ይገባል። እንዲያውም በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንትና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፥ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋል፤ በሚያዝያው ግን 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ላይ የቆመ እንጨት ጥላ የለውም ቢባል ይቀላል።

ታዲያ በዚያን ሰዓት ሰዉ የት ይሄዳል? በረንዳ ሥር፥ ቆርቆሮው ጎላ ብሎ በወጣበት፥ ዛፍ ሥር፥ ዣንጥላ ሥር። ከተማው ባዶ የሆነ የሚመስለው መሐል መንገዱን ለሚያይ ብቻ ነው። ሻዩ የሚጠጣው፥ ወሬው የሚሰለቀው፥ ዕቃው የሚሸጠው እዚያ ጥቁር በሚመስለው ጠርዝ ላይ ነው።

ካሜራው ደግሞ ይህን አያውቅም። ብርሃን ለኪው የተሠራው ያየው ነገር ሁሉ ተደማምሮ ግራጫ እንደሚሆን ገምቶ ነው፤ ከሚወርድበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ግራጫ ማለት ነው። ነጩ አስፋልት ዳር፥ ነጩ ነጠላ፥ ነጩ ሰማይ ሲበዛበት «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ያን ጊዜ በረንዳው ሥር የተቀመጠው ሰው ፊት ይጠፋል፤ ነጠላው ብቻ ይቀራል። ፊልሙም ራሱ የዋህ አልነበረም፤ የአሜሪካው ኮዳክ ለብዙ ዓመታት የቀለም ማስተካከያ አድርጎ ለማጠቢያ ቤቶች ሲያድል የኖረው የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። እንግዲህ አማተሩ መምረጥ አለበት፦ መንገዱን ላድን ወይስ ሰውየውን? እኔ ሰውየውን ብያለሁ። የምለካው ከፊቱ ላይ ነው፤ በስልክ የሚያነሣም ጣቱን ፊቱ ላይ ቢያሳርፍ ያው ነው። መንገዱ ነጭ ሆኖ ይቃጠል፤ ምን ቸገረኝ! ደግሞ ጥላ ጨለማ አይደለም። ከሰማዩና ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ የሚመለስ ለስላሳ ብርሃን ይገባበታል፤ የዓይንን ብሌን፥ የግንባርን መስመር ቀስ አድርጎ ያሳያል።

በዣንጥላ ሥር ሽንኩርት ለሚሸጡ አንዲት እናት «እማማ፥ ካሉበት አይነሡ፤ እዚሁ አነሣዎታለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። «ኧረ ተባረክ ልጄ! እስከ ዛሬ ያነሣኝ ሁሉ ፀሐይ ላይ ገትሮ ነው። መታወቂያዬም ላይ፥ የልጄ ሠርግም ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለሁት» አሉኝ።

ይህ የሙያ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀትና ቀለም ባላባከንኩበት። ግን ወሎ በምስል ስሙ የተነሣ አገር ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሣው የረሀብ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተፈራረቀ ለእኛም ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር፥ ኮረም ላይ ያነሣውን ዓለም አየ። እነዚያ ምስሎች ነፍስ አድነዋል፤ ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም። ነገር ግን የወሎ ሰው በዓለም ዓይን ፊት የቀረበው ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ፥ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ስም ነው። ሥር የሰደደው ይህ ምስል ነው። በረንዳ ሥር ሻይ እየጠጣ የሚቀልደውን ወሎዬ ማን አነሣው?

እኛው ካላነሣነው ማንም አያነሣውም። ለዚህም አባት አላጣንም። በዚሁ ውኃ፥ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፥ በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ ወንጌል አለ፤ በውስጡም የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ጥላ አይሥሉም ነበር፤ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙረው፥ ዓይኑን አጉልተው ያወጡታል። ሰውየው ማን እንደሆነ ከ7 መቶ ዓመት በኋላም እናውቃለን።

ስለዚህ ወንድሞቼ፥ እኅቶቼ፤ ለእረፍት ወደየአገራችሁ ስትገቡ ቀትርን አትሽሹት። ጥላው ውስጥ ግቡና ከሰዉ ጋር ተቀመጡ፤ ከፊቱ ላይ ለክታችሁ፥ ፈቃዱን ጠይቃችሁ አንሡት። ከዚያ አሳጥቡና ለባለቤቱ ስጡት። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ጀርባው ላይ ሦስት ነገር በእስክሪብቶ ጻፉበት፦ ስሙን፥ ቦታውን፥ ቀኑን።