ለማን ነው የምንጽፈው?

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል ያገራችን ሰው። በወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ደግሞ ከአፋፍም አልፎ ጸሐፊው ከማያውቀው ቤት ይገባል። እኔም ልብ ወለድ ጸሐፊ እንደመሆኔ፣ አዲስ ምዕራፍ በጀመርሁ ቁጥር አስቀድሜ ራሴን የምጠይቀው፣ «ይህን የሚሰማው ማነው?» ብዬ ነው።

ጥያቄውን ያከበደብኝ ካምፓላ ውስጥ በማኬሬሬ ኮረብታ የጀመረ ታሪክ ነው። በሰኔ 1954 ዓ.ም.፣ ኡጋንዳ ነፃነቷን ልትቀዳጅ ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አፍሪካውያን ደራስያን በዚያ ኮሌጅ ተሰበሰቡ። ቺኑዋ አቼቤና ዎሌ ሾይንካ ተገኝተው ነበር። የኮሌጁ ተማሪ የነበረው ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም ረቂቁን እንዲያይለት ለአቼቤ ሰጠው። በአፍሪካ ቋንቋ ብቻ ለሚጽፉት ግን፣ እንደ ስዋሂሊው ባለቅኔ ሻባን ሮበርት ላሉት እንኳ፣ ጉባኤው በስሙ ቦታ አልነበረውም።

ንጉጊ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ብዙ መራራ እውነት ጻፈ፤ አልታሰረም። በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ከባልደረባው ጋር በኪኩዩ የደረሰውን ተውኔት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ተጫወቱት። ተውኔቱ ታገደ፤ እርሱም በታኅሣሥ ወር ያለ ፍርድ ታሰረ። በእስር ቤትም በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በኪኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ። መጽሐፉ ሲታተም በየቤተሰቡና በየመጠጥ ቤቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። ደራሲው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ዐረፈ።

ከዚህ የተረዳሁት፣ እውነት ክብደት የሚያገኘው ከባለቤቱ ጆሮ ሲደርስ መሆኑን ነው። እኛ በአማርኛ የምንጽፍ፣ አንባቢያችን ይሰማናልና በቋንቋ ማመካኘት አንችልም። የሚቀረን መድፈር ብቻ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ይህ የደራሲ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። ከጦር ሰፈር ለቤተሰብህ ስትጽፍ፣ «ከናፍቆታችሁ በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ» ትላለህ። ደብዳቤውን የጎረቤት ልጅ ያነብላታል፤ እናትህ ግን ቃሉ ከልብ ይሁን ከልማድ ለይታ ታውቃለች። ስለዚህ ከሰላምታው በታች አንዲት የእውነት መስመር ጨምርላት። ትኩሳት ይዞህ ከነበረ ይዞኝ ነበር፣ ተሻለኝ በላት። እንቅልፍ ካጣህም አጣሁ በላት። ያችን መስመር ሁለት ጊዜ ታስነብባታለች።