ትንፋሼን የወሰደው መድረክ

ከማሲንቆ መቺው ባልደረባዬ ተለይቼ ብቻዬን መዝፈን በጀመርኩ ሰሞን ድምፄ ጠፋ። ሻከረ ወይም ሰለለ አልልም፤ ጠፋ። ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ባለ አንድ የባህል ምሽት ቤት ከፍ ያለውን ዜማ ላነሳ አፌን ስከፍት የወጣው አየር ብቻ ነበር። ከፊት የተቀመጠ ታዳሚ "ተቀበይ!" ብሎ ግጥም ሰጠኝ። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም።

ባሕር ዳር የምታውቀን በጥንድ ነው። እሱ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያወርዳል፣ እኔ ከበሮዬን እየመታሁ እመልሳለሁ። በቅብብል ዘፈን አንዱ ሲያዜም ሌላው ይተነፍሳል፤ የእሱ ስንኝ የእኔ ማረፊያ ነበር። ስንለያይ የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ጉሮሮ ላይ ወደቀ። ቤቱ እንዳይቀዘቅዝ እያልኩ ክፍተቱን ሁሉ በጩኸት ሞላሁት፤ ሌሊቱን ሙሉ።

አዲስ አበባ ያየኝ የአንገት በላይ ሐኪም ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብቶ ጉሮሮዬን በስክሪን አሳየኝ። በሁለቱ የድምፅ አውታሮች ላይ፣ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ትንንሽ እባጮች። ሴት ስትዘፍን አውታሮቹ በአንድ ሴኮንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይጋጫሉ፤ በኃይል ሲጋጩ ከርመው ከጠጠሩ ገጥመው መዘጋት ያቅታቸዋል። "ኦፕራሲዮን አያስፈልግሽም፤ ዝም በይ" አለኝ። መንሾካሾክ እንኳ ከለከለኝ።

ዝምታው ከሕመሙ ከፋ። እናቴ "ልጄን ዓይን በላት" እያለች ታለቅሳለች። ሰፈሩ ደግሞ ጥንዱን በማፍረሴ የመጣ እርግማን ነው አለ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መለየት ምን ኃጢአት አለው? ድምፃውያኑ ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው ከግሽ አባይ የኪነት ቡድን ወጥተው በየስማቸው ባይዘፍኑ ኖሮ የጎጃም ዘፈን እዚህ ባልደረሰ። እንግሊዛዊው ድምፃዊ ጆርጅ ማይክልም ጥንድ ቡድኑ "ዋም" በ1986 እ.ኤ.አ. ሲበተን በዓመቱ "ፌዝ" የተባለውን የመጀመሪያ የብቻ አልበሙን አወጣ።

ድምፄ በልምምድ ቀስ እያለ ሲመለስ የብቻ አልበሜን ወደ መሥራት ገባሁ። የድሮዎቹን ዘፈኖች ተውኳቸው፤ አብረን የደረስናቸው ናቸው፣ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም መብቱ የጋራ ነው። አዲሶቹን ስንቀርጽ ግን የድሮው ጥድፊያዬ ተመልሶ መጣ። ያጀቡኝ አዛውንት ማሲንቆ መቺ ቀስታቸውን አነሱና "አንቺ ልጅ፣ ማን ያባርርሻል? ስንኝሽን ጨርሺና የቀረውን ለእኔ ተይልኝ" አሉኝ። ተውኩላቸው። እሳቸው ሲመልሱ እኔ ተነፈስኩ። አልበሙ ላይ በየስንኙ መሀል የማሲንቆው ምላሽ የረዘመው ለዚህ ነው። ዘፈኑ ዘገየ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከሠራኋቸው ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

በየምሽት ቤቱ የምትዘፍኑ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ድምፃችሁ ሻክሮ ሦስት ሳምንት ካለፈው ዝንጅብልና ማር ይዛችሁ አትቀመጡ። ሐኪም ይየው።